የአሮጌ ላንድሮቨር እድሳትና ሙያዊ ቃላቱ

1. መግቢያ

ማንኛውም ሙያ የራሱ ቋንቋ አለው። ይህ ቋንቋ አንዳንድ ጊዜ በመጽሐፍ ሰፍሮ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚኖረው በሠራተኛው አንደበትና በእጁ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከሁለተኛው ወገን የሆነውን፣ ይኸውም ከውጭ አገር የመጣ አሮጌ የገጠር መኪናን በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ፈታትቶ የማደስን ሥራ ቋንቋ ነው።

ለምሳሌነት የመረጥነው በብሪታንያ የተሠራውን ላንድሮቨርን ነው። ምክንያታችንም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ይህ ተሽከርካሪ በአገራችን የገጠር መንገዶች ላይ ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ስለሆነ፣ ስሙም አካሉም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ሁለተኛ፣ አካሉ በአብዛኛው በብሎን የተያያዘ በመሆኑ በቤት ውስጥ ለሚደረግ እድሳት ይመቻል። ሦስተኛ፣ የጥገና መምሪያው የተጻፈው በብሪታንያ እንግሊዝኛ ነው፤ የጋራዣችን ቃላት በአብዛኛው የተወረሱት ከጣልያንኛ ነው፤ ተርጓሚው የሚገልጠው መዝገበ ቃላት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአሜሪካን እንግሊዝኛ የሚከተል ነው። እነዚህ ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ የስያሜን ችግር አጉልቶ ያሳያል።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነን አንድ ተግባራዊ ጉዳይ ነው። የአንድ ጥገና መምሪያ የትርጉም ረቂቅ ቀርቦልን ነበር። ረቂቁን በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ከማረም ይልቅ፣ ባለ 109 ኢንቹ ላንድሮቨር ተፈታቶ ወደሚታደስበት ግቢ ወስደን፣ በሥራው ላይ ላሉት አዛውንት መካኒክ ጮክ ብለን አነበብንላቸው። በሁለት ቦታ ሣቁ። በሦስተኛው ቦታ ግን «ይህን እንደ ተጻፈው ያደረገ ሰው ይቃጠላል» አሉን። የሣቁበትንና ያልሣቁበትን ቦታ ከዚህ በታች እናብራራለን።

2. ስለ ተሽከርካሪው ጥቂት ቃል

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ ነው። በእርሻው ላይ ይጠቀምበት ከነበረው የአሜሪካ ጂፕ መነሻ አግኝቶ፣ ለገበሬ የሚሆን ተሽከርካሪ ለመሥራት አሰበ። በጊዜው ከጦርነቱ የተነሣ የብረት እጥረት ስለ ነበረ፣ የአካሉ ልብስ የተሠራው ቢርማብራይት ከተባለ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ሻንሲውና በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለው ግድግዳ ግን ከብረት ተሠሩ። ይህ የሁለት ማዕድናት ጉርብትና፣ ወደ ፊት እንደምናየው፣ ለአዳሹም ለተርጓሚውም የራስ ምታት ሆኗል።

ሁለተኛው ሲሪስ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ሁለተኛ «ኤ» የሚባለው በ1961፣ ሦስተኛው ደግሞ በ1971 ወጡ። የሦስተኛው ሲሪስ ምርት የቆመው በ1985 ነው። በሁለት ጎማዎች መሥመር መካከል ያለው ርቀት 88 ወይም 109 ኢንች ነው፤ የታወቀውም የቤንዚን ሞተር 2,286 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት አለው። ከእነዚህ የተወለደው ዲፌንደር የመጨረሻው ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2016 ነው። እንግዲህ ማንኛውም ባለ ሲሪስ ላንድሮቨር ዛሬ አሮጌ ነው፤ አሮጌ በመሆኑም የጥገና ብቻ ሳይሆን የቅርስ ጉዳይ ሆኗል።

3. «ማደስ» ምን ማለት ነው?

የመጀመሪያው ችግር የሥራው ስም ራሱ ነው። በአማርኛ «አደሰ» የሚለው ግሥ ከግዕዙ «ሐደሰ» የመጣ ሲሆን፣ በሥርወ ቃሉ «አዲስ አደረገ» ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ግን መሠረተ ሐሳቡ «መመለስ» ነው፤ ዕቃውን ወደ ቀድሞ ይዞታው መመለስ። የሁለቱ አቅጣጫ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ወደ አዲስነት ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ድሮ ይመለሳል። «መኪናዬን አሳደስሁ» የሚል ሰው አዲስ ቀለም፣ አዲስ ወንበርና አዲስ መብራት ቢያስገባ ቃሉን በትክክል ተጠቅሟል። በቅርስ ጠባቂዎች ዘንድ ግን ያው ሥራ እንደ ጥፋት ሊቈጠር ይችላል።

በጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 የጸደቀው የቱሪን ቻርተር ለዚህ ሥራ የተለያዩ ደረጃዎችን ይለያል። ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን።

ሀ) ጥበቃ፦ ዕቃው አሁን ባለበት ሁኔታ እንዳይጎዳ መንከባከብ፤ ምንም ሳይለወጥ።
ለ) ጥገና፦ የተበላሸውን አስተካክሎ እንዲሠራ ማድረግ፤ ዓላማው አገልግሎት እንጂ መልክ አይደለም።
ሐ) ጥንተ መልክ እድሳት፦ የጎደለውን ተክቶ፣ ኋላ የተጨመረውን አንሥቶ፣ ዕቃውን ወደ አንድ የታወቀ የቀድሞ ይዞታ መመለስ።
መ) እድሳት፦ ለሁሉም የወል ስም፤ ልዩነቱ በማይፈለግበት ቦታ ብቻ የሚያገለግል።

«ተሐድሶ» የሚለውን ቃል ያልመረጥነው ከሃይማኖትና ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር የተያያዘ ጠንካራ ፍች ስላለው ነው። «ምልሰት» የሚለውም ለጊዜው ቢመቸን፣ በሥነ ጽሑፍ ሒስ ውስጥ የታሪክን የኋልዮሽ ትረካ ለመሰየም ስለ ተያዘ ትተነዋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ችግር «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ነው። በመለዋወጫ ገበያ «ኦሪጅናል» ማለት በአምራቹ የተሠራ፣ ቅጂ ያልሆነ ዕቃ ማለት ነው። በእድሳት ቋንቋ ግን ቃሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊሸፍን ይችላል፤ ከዚያው መኪና ጋር ከፋብሪካ የወጣውን፣ በአምራቹ የተሠራውን ግን ኋላ የተገዛውን፣ እንዲሁም በማንም ቢሠራ የዘመኑን ዐይነት የጠበቀውን። ለመጀመሪያው «ነባር»፣ ለሁለተኛው «የፋብሪካው»፣ ለሦስተኛው «ዘመነኛው» ብንል ክርክሩ ይቀላል። በግቢው ውስጥ ያየነው መኪና በር ነባር ነው፤ ካርቡራቶሩ የፋብሪካው ነው፤ የጣራው ሸራ ደግሞ በአገር ውስጥ የተሰፋ ዘመነኛ ነው። ሦስቱንም «ኦሪጅናል» ማለት ይቻል ነበር፤ አንባቢው ግን ምንም ባልተረዳ ነበር።

ለረጅም ዘመን በእጅ የተዳሰሰና በፀሐይ የበሰለ ገጽን የሚያመለክተውን የውጭ ቃል ረቂቁ «የእርጅና ቆሻሻ» ብሎት ነበር። መካኒኩ በመጀመሪያ የሣቁት እዚህ ላይ ነው። አማርኛችን ለዚህ ነገር «ወዝ» የሚል የተዋጣ ቃል አለው። የመሪው ወዝ፣ የበሩ እጀታ ወዝ ሲባል፣ ጠባቂው ሊያነሣው የማይገባው ነገር መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል።

4. የጋራዡ ቃላት ምንጭና ጠባይ

እንደሚታወቀው የተሽከርካሪ ቃሎቻችን አብዛኞቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከ«መኪና» ጀምሮ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ የመሳሰሉት የዚህ ውርስ ምስክሮች ናቸው። ነገር ግን ቃላቱ እንደ መጡ አልቀሩም። «ካቢና» «ጋቢና» ሆነ። «ካቻቪቴ» «ካቻቢቴ» ተባለ። «ፒንዛ» «ፒንሳ»፣ «ኩሺኔቶ» «ኩሽኔታ»፣ «ፓራኡርቲ» «ፓራውልት» ሆኑ። ከሁሉ የሚያስደንቀው በመኪና ጣራ ላይ የሚታሰረው የዕቃ መጫኛ ነው። በጣልያንኛ «ፖርታባጋሊ» የነበረው በአማርኛ «ፖርቶመጋላ» ሆኗል። ይህን ቃል የሚናገር ሰው የባዕድ ቃል እየተናገረ እንደ ሆነ አይሰማውም።

ሁለት ነገሮችን እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል።

አንደኛው፣ ስሞቹ የውሰት ቢሆኑም ግሦቹ የራሳችን መሆናቸው ነው። በግቢው በሰማነው ንግግር ውስጥ መፍታት፣ መግጠም፣ ማጥበቅ፣ ማላላት፣ ማውረድ፣ መበየድ፣ መሞረድ፣ ማቃናት እና መቀጥቀጥ የሚሉት ግሦች ሥራውን በሙሉ ይሸከማሉ። ጣልያንኛ የዕቃውን ስም ሰጠን እንጂ የእጁን ሥራ ስም አልሰጠንም። አንጥረኛውና አናጢው አስቀድመው ይዘውት ነበርና።

ሁለተኛው፣ ቃላቱ በአማርኛ ውስጥ ዘር ማፍራታቸው ነው። ፍሬን «ይያዛል»፤ ፍሬን «ይበጠሳል»፤ አንደበቱን የማይገታ ሰውም «ፍሬኑ የተበጠሰ» ይባላል። አንድ የውሰት ቃል ወደ ዘይቤ ከገባ በኋላ «ማቆሚያ መሣሪያ» በሚል አዲስ ፍጥር ለመተካት መሞከር ጊዜ ማባከን ይመስለናል። ስለሆነም መዝጋቢው ሊያደርግ የሚገባው ቃሉን ከነአጠቃቀሙ መመዝገብ ነው።

5. ተርጓሚን የሚያስቱ ቃላት

ከረቂቁ ውስጥ ያገኘናቸው ስሕተቶች በአብዛኛው ከቋንቋ ዕውቀት ማነስ የመጡ አይደሉም። ተርጓሚው እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም ጠንቅቆ ያውቃል። የጎደለው ነገሩን ማየት ነው። ዋና ዋናዎቹን እንዘረዝራለን።

ሀ) «ሁድ»። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ይህ ቃል ኮፈን ማለት ነው። በብሪታንያ እንግሊዝኛ ግን የጣራውን ሸራ ያመለክታል፤ ኮፈን «ቦኔት» ይባላል። ረቂቁ «ኮፈኑን ጠቅልለህ በማሰሪያው እሰር» ይላል። መካኒኩ ለሁለተኛ ጊዜ የሣቁት እዚህ ላይ ነው።

ለ) «ፓራፊን»። መምሪያው የተፈቱትን ክፍሎች በፓራፊን እጠብ ይላል። በብሪታንያ አነጋገር ፓራፊን ማለት እኛ ላምባ ወይም ነጭ ጋዝ የምንለው ነው። ተርጓሚው ሰም አለመሆኑን ተረድቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከአንድ የአሜሪካ መጽሐፍ ጋር አመሳክሮ «ጋዝ» የሚል ካገኘ በኋላ፣ የአሜሪካው ጋዝ ቤንዚን መሆኑን ስለሚያውቅ «በቤንዚን እጠብ» ብሎ ጻፈ። መካኒኩ ያልሣቁት በዚህ ነው። የቤንዚን ትነት በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ከአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ላምባ ግን በተለመደው የአየር ሙቀት እንዲህ በቀላሉ አይያያዝም። የአንድ ቃል ፍች የሰው ገላ ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሐ) «መሬት»። በኤሌክትሪክ ክፍል ውስጥ ሽቦን ከሻንሲው ጋር ማያያዝ በእንግሊዝኛ «መሬት ማስያዝ» ይባላል። ጣልያንኛው ደግሞ «ማሳ» ይለዋል፤ ይህም በአማርኛ የሚታረስ መሬት ማለት መሆኑ አስገራሚ መገጣጠም ነው። የቀደሙት ላንድሮቨሮች ከባትሪው ፖዘቲቩ ጫፍ ከሻንሲ ጋር የተያያዘ ነበር፤ የኋለኞቹ ግን ነጌቲቩ ነው። ይህን ሳያረጋግጥ ዘመናዊ ዕቃ የሚያያይዝ ሰው ዕቃውን ያቃጥላል። ስለዚህ «ፖዘቲቭ መሬት» ከማለት «ፖዘቲቩ ከሻንሲ የተያያዘ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

መ) «የቅርብ ጎን» እና «የሩቅ ጎን»። የብሪታንያ መምሪያዎች የተሽከርካሪውን ግራ «የቅርብ ጎን»፣ ቀኙን «የሩቅ ጎን» ይሉታል፤ በእነርሱ አገር በግራ ስለሚነዳ ለእግረኛ መንገድ የሚቀርበው ግራው ነውና። ኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ቀኝ መንጃ ተዛውራለች። በጋራዣችንም «በሾፌር በኩል» ማለት ግራ ማለት ነው። «የሩቅ ጎን» የሚለውን «በሾፌር በኩል» ብሎ የተረጎመ ሰው መሥሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ገልብጦታል። ተርጓሚው ሁልጊዜ «ወደ ፊት ለሚመለከት ሰው ግራ» ወይም «ቀኝ» ብሎ ቢጽፍ ይድናል።

ሠ) «ዝቅተኛ ማርሽ»። እንግሊዝኛው «ዝቅተኛ» የሚለውን አማርኛ «ከባድ ማርሽ» ይለዋል። ቃል በቃል የተረጎመ ሰው ስሕተት አልሠራም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ቁልቁለት ላይ ያለ ሾፌር የሚያውቀው «ከባድ ማርሽ» የሚለውን ነው።

ረ) «ዲናሞ»። በተለምዶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ክፍል ሁሉ ዲናሞ እንላለን። በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ ግን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው የቀድሞው ዲናሞና ኋላ የተተካው አልተርኔተር ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸው፤ መቈጣጠሪያቸውም የተለያየ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዐይነት መምሪያ ውስጥ ሁለቱን መለየት ግዴታ ነው።

ሰ) «ባለ አራት ጎማ»። ማንኛውም የቤት መኪና አራት ጎማ አለው። ልዩነቱ ሞተሩ የሚያንቀሳቅሳቸው ስንቱን ነው የሚለው ነው። ስለዚህ በመግቢያው «የገጠር መኪና» ያልነውን በትክክል ለመሰየም «ባለ አራት ገፊ ጎማ» የሚለውን እናቀርባለን። ተቃራኒውም «ባለ ሁለት ገፊ ጎማ» ይሆናል።

6. ሥራው በቅደም ተከተል

ቃላት የሚገቡት ከሥራው ቅደም ተከተል ጋር ሲሄዱ ስለሆነ፣ የእድሳቱን ሂደት በአጭሩ እንከተላለን።

ሥራው የሚጀምረው በማመሳከር ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። በሁለተኛ «ኤ» ሲሪስ የቁጥሩ መጀመሪያ የሞዴሉን ዐይነት፣ በመጨረሻ ያለው ፊደል ደግሞ የንድፍ ለውጥን ይነግራል። መለዋወጫ የሚገዛው በዚህ ፊደል እንጂ በምርት ዓመቱ ብቻ አይደለም።

ቀጥሎ መፍታት ነው። ከመፈታቱ በፊት እያንዳንዱ ክፍል ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ብሎኖችም በየቆርቆሮው ተለይተው ምልክት ይደረግባቸዋል። እዚህ ላይ ስለ ብሎን ልክ መናገር ያስፈልጋል። በእነዚህ መኪናዎች ላይ የድሮው የብሪታንያ ጥርስና ኋላ የመጣው የኢንች ጥርስ ተደባልቀው ይገኛሉ። ለአንዱ የተሠራ ቁልፍ ለሌላው የሚገጥም ይመስልና የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ረቂቁ ሁሉንም «በ12 ቁልፍ» ብሎ ወደ ሚሊ ሜትር ቀይሮ ነበር። መለኪያ ዕቃው የተሠራበት ነው፤ ስለዚህ አይተረጎምም።

ሦስተኛው ሻንሲ ነው። ሻንሲው ከውስጥ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት በመሆኑ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። የሚመረመረው በመዶሻ ነው፤ ጤናማው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የተበላው ደግሞ የታፈነ ድምፅ ያሰማል። መካኒኩ ይህን «ሻንሲውን ማስጮህ» ይሉታል። በመጽሐፍ ያላገኘነው፣ ለመዝገብ የተገባ አነጋገር ነው። ከብየዳ በፊት ባትሪው ይነቀላል፤ የነዳጅ ታንኩም ይወርዳል። «ባዶ ታንክ» የሚለው ሐረግ እዚህ ላይ አሳሳች ነው። ነዳጅ የሌለው ታንክ ባዶ ይባላል፤ ትነቱ ግን በውስጡ አለ፤ ፈንጂውም ትነቱ ነው። ስለዚህ «ባዶ» እና «ከትነት የጸዳ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ሆነው መጻፍ አለባቸው።

አራተኛው የእግሩና የፍሬኑ ክፍል ነው። ተሽከርካሪው የተንጠለጠለው በባሌስትራ ነው። «ሞላ» የሚባለው ጥምዝ ሽቦ ሲሆን፣ «ባሌስትራ» ግን ተደራራቢ የብረት ሰሌዳ ነው፤ እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ሲጠራ ጋራዣችን ለይቶ ይጠራቸዋል። ታምቡሩ ሲከፈት ከፍሬን ሸራው የወጣ አቧራ ይገኛል። በድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ይገባ ነበር፤ አቧራው ሲተነፈስ ሳንባን ይጎዳል። ስለሆነም በአየር ግፊት አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። «አጽዳ» የሚለውን የመምሪያውን ቃል ብቻ ያነበበ የጋራዥ ልጅ የሚያደርገው መንፋት ነውና፣ ተርጓሚው «በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፤ አትንፋ» ማለት ይገባዋል።

አምስተኛው ሞተር ነው። ሞተሩ ይወርዳል፤ ቴስታታው ይከፈታል፤ ቫልቮቹ ይሞረዳሉ፤ የፒስተን ቀለበቶችም ይፈተሻሉ። ቴስታታው ሲመለስ ዋና ዋና ብሎኖቹ በ65 ፓውንድ-ጫማ ኀይል፣ ከመካከል ወደ ዳር በተራ ይጠብቃሉ። «አጥብቅ» የሚለው ቃል ብቻውን እዚህ አይበቃም፤ ልኩና ተራው የፍቹ ክፍል ናቸውና። ይህን ቁጥር በኪሎግራም-ሜትር የሚያነብብ ሰው ከሰባት እጥፍ በላይ ያጠብቃል፤ ብሎኑም ይበጠሳል።

የመጨረሻው የአካል ልብስና ቀለም ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ነገር ግን ከብረት ጋር በርጥበት ውስጥ ሲነካካ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። አማርኛ «ዝገት» የሚለውን ለብረት ብቻ ስለሚጠቀም፣ ለሌሎች ማዕድናት ጭምር የሚያገለግል ሰፊ ቃል ያስፈልጋል። ሕዝቡ «ዝገት በላው» ሲል ቃሉን አስቀምጦልናል፤ ይኸውም «መበላት» ነው። በሁለት ማዕድናት መነካካት የሚመጣውን «የንክኪ መበላት» ብንለው ነገሩን በሚገባ ይገልጸዋል። ቀለምንም በሚመለከት፣ «አንትረስት» የሚባለው የብረት መነሻ ቀለም በአሉሚኒየም ላይ በደንብ አይዝም። ገጹን በስሱ ነክሶ የሚይዝ ሌላ ዐይነት ይፈለጋል። ስለዚህ «መነሻ ቀለም» የወል ስም ሆኖ፣ «አንትረስት» እና «ነካሽ መነሻ ቀለም» በሥሩ ቢመደቡ መልካም ነው።

7. አዲስ ስያሜ ስለሚሹ ክፍሎች

ስያሜ ስንመርጥ የተከተልነው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ በጋራዥ የሚኖር ቃል ካለ እርሱን እንወስዳለን። ከሌለ የታወቀ የአማርኛ ቃል ፍቹን እናሰፋለን። ይህም ካልተቻለ ሁለት ቃላት አጣምረን እንፈጥራለን። የውጭውን ቃል እንዳለ መውሰድ የመጨረሻው መንገድ ነው። በዚህ መሠረት የሚከተሉትን እናቀርባለን።

መለያ ግድግዳ፦ በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለው፣ የመሪውን፣ የፔዳሉንና የበሩን ማጠፊያ የሚሸከም የብረት ግድግዳ። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ቶሎ ከሚዝጉት ክፍሎች አንዱ ነው።

የሻንሲ ክንድ፦ ከሻንሲው ወደ ጎን ወጥቶ መለያ ግድግዳውንና አካሉን የሚደግፍ አጭር ብረት። ለግንብ ድጋፍ የሚውለው «ደጋፊ» የሚል ቃል ቀርቦ ነበር፤ ሻንሲው ራሱ ደጋፊ ስለሆነ አልመረጥነውም።

አሸጋጋሪ ካምቢዮ፦ ከዋናው ካምቢዮ የሚመጣውን ኀይል ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያደርስና ምድቡን የሚለውጥ ሁለተኛ ካምቢዮ። «አከፋፋይ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ለካንዴላዎች ኤሌክትሪክ የሚያድለው መሣሪያ በትርጉሙ «አከፋፋይ» ስለሆነ፣ በአንድ መምሪያ ውስጥ ሁለት አከፋፋይ ይፈጠራል።

ቀላል ምድብና ከባድ ምድብ፦ አሸጋጋሪ ካምቢዮው የሚሰጣቸው ሁለት የኀይል ደረጃዎች። ቀይ ራስ ያለው ዘንግ ወደ ኋላ ሲሳብ ከባድ ምድብ ይገባል፤ የፊት ጎማዎችም አብረው ገፊ ይሆናሉ። ቢጫ ራስ ያለው ዘንግ ወደ ታች ሲጫን ደግሞ በቀላል ምድብ የፊት ጎማዎችን ያስገባል።

የመታጠፊያ ሉል፦ የፊት እግር ጫፍ ላይ ያለው፣ ጎማው በመሪ ሲታጠፍ ኀይሉም ሳይቋረጥ እንዲያልፍ የሚያደርገው ክብ ቤት።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነባር ቃል በመዝገበ ቃላት እንዴት ሊቀርብ እንደሚችል በምሳሌ እናሳያለን።

ሸራ፣ ስም። 1) ወፍራም የጥጥ ወይም መሰል ጨርቅ። 2) (በተሽከርካሪ) የጭነት ወይም የጋቢና ልብስ የሆነ ጣራ፤ «ሸራውን አልብሰው»። 3) (በተሽከርካሪ) በፍሬን ወይም በፍሪሲዮን ላይ የሚገጠም፣ በመፋተግ የሚይዝ ክፍል፤ «የፍሬን ሸራ አለቀ»።

የቀድሞ የፍሬን ሸራዎች ከክር የተሸመኑ ስለ ነበሩ፣ ሦስተኛው ፍች ከመጀመሪያው የተወለደ ሊሆን ይችላል። አሁን ክፍሉ ጨርቅ አይደለም፤ ስሙ ግን ታሪኩን ይዞ ቀርቷል።

8. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ካየነው ሦስት ነገሮች እንማራለን። አንደኛ፣ የቴክኒክ ትርጉም የሚታረመው በጠረጴዛ ላይ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ባለበትና እጁ በዘይት የራሰ ሰው ባለበት ነው። ሁለተኛ፣ የጋራዥ ቃል ስለ ተወረሰ ብቻ የሚናቅ አይደለም፤ «ባሌስትራ» እና «ሞላ» እንዳሳዩን፣ አንዳንድ ጊዜ ከምንጩ ቋንቋ የጠራ ልዩነት ይሰጣል። ሦስተኛ፣ አዲስ ስያሜ የሚያስፈልገው ክፍተት ባለበት ብቻ ነው፤ ክፍተቱ የት እንዳለ የሚያውቀውም ሥራውን የሠራ ነው።

ባትሪ፣ መካከለኛ ፍጥነትና የኮምፒውተር መመርመሪያ የለመደ አዲስ መካኒክ «ሻንሲ ማስጮህ» የሚለውን አነጋገር ሊሰማ አይችልም፤ አብዛኛው አዲስ መኪና እንዲህ ያለ ሻንሲ የለውምና። ስለዚህ ሙያው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲሄድ ቃሉም አብሮ ይሄዳል። ለአሮጌ መኪና ነባር በሩን ፈልገን እንደምንመልስለት ሁሉ፣ ለቋንቋውም ነባር ቃሉን በጊዜ መሰብሰብ ይገባናል። የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ተርጓሚዎችና የቋንቋ ተማሪዎች በየአካባቢያቸው ወዳለ ጋራዥ ሄደው፣ የአንድን ሥራ ቃላት ከነግሦቻቸውና ከነአነጋገራቸው እንዲመዘግቡ፤ የተመዘገበውንም ለሌሎች ሠራተኞች አንብበው እንዲያጣሩ ነው።

የረቂቁ የመጨረሻ እትም ሲዘጋጅ «በላምባ እጠብ» የሚል ሆኖ ወጥቷል። መካኒኩ በድጋሚ ተነቦላቸው፣ «አሁን ልጄም ቢያነብበው አልሰጋም» ብለዋል። ከዚህ የበለጠ የእርምት ማኅተም ልናገኝ አንችልም።